ለጥርስ ክሊኒክ የሚሆን አምፕሊፋየር

ታካሚ ተራውን እየጠበቀ ድንገት ተነስቶ ውልቅ ሲል የሚያናድደኝን ያህል የሚያናድደኝ ነገር የለም። በዚያ ወር ብቻ አስራ አንድ ሰው ካርድ አውጥቶ ከተቀመጠ በኋላ "መጣሁ" ብሎ ወጥቶ ቀረ። እኔ የጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ እዚህ ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። በፊት የምሠራው ከዶክተሩ አባት ጋር ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ልጃቸው ተተካ። ልጁን ጠረጴዛዬ ሥር ሲድህ ነው የማውቀው። ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሶ "እትዬ" ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ልደብቅ።

አንድ ጠዋት "እትዬ፣ እንዲህ ከቀጠለ ዓመቱ ሳያልቅ እንዘጋለን" አለኝ። ክው አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

"መሰርሰሪያው እኮ ነው" አልኩት። "ድምፁ ግድግዳ አልፎ ይመጣል። እኔ እንደሆነ እነሱን ለማረጋጋት ያልጣርኩት የለም። ትናንት እንኳ ያንን የባንክ ሠራተኛ፣ 'አይዞህ፣ ባለፈው ሳምንት የአንዱ ጥርስ ሥሩ ተሰብሮ ሁለት ሰዓት ፈጀ እንጂ ምንም አልሆነም' ብዬዋለሁ።"

ዶክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ሙዚቃ እንክፈትላቸው። ቤት ሁለት ትንንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች አሉኝ፤ የጎደለው አምፕሊፋየር ብቻ ነው። ረከስ ያለ ምረጪልኝ። ስፒከሮቹን አንቺ ጠረጴዛ ላይ፣ ግራና ቀኝ እናደርጋቸዋለን።"

"ለምን እኔ ጋ? መሰርሰሪያው ያለው አንተ ክፍል አይደል?"

"እዚያ ሶኬት የለም" አለ፣ ዓይኑን እያሸሸ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት እሱ ያመጣቸውን ስፒከሮች በትልቅ ቦርሳ ይዤ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ገና ሰላም ሳይለኝ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሣጥን መታ መታ አደረገ። "ሁለት መቶ ዋት ነው፣ እናቴ።"

"የሰርግ አዳራሽ የከፈትኩ መሰለህ? አስር ወንበር የማትይዝ ክፍል ናት!"

ሳቀና የስፒከሮቹን ጀርባ አነበበ። "ስድስት ኦም ይላል። ስለዚህ ስድስት ኦም የሚችል አምፕሊፋየር ነው የሚያስፈልግሽ። ለዚያች ክፍል አርባ ዋት ይተርፋል።"

ሦስት አወጣልኝ። እኔም ስልኬን አወጣሁ፤ ጠዋት የመሰርሰሪያውን ድምፅ ቀድቼው ነበር። "እኔ ይህን ስከፍት አንተ በየተራ ሙዚቃ ክፈትባቸው፤ ጮክ ሳይል መሰርሰሪያውን የሚሸፍነው የቱ እንደሆነ ልስማ" አልኩት።

"ወይ ጉድ!" አለ ባለሱቁ።

የመጀመሪያው ሙዚቃው ሳይጀምር ሽሽሽ ይላል። ሁለተኛው በጣም ርካሽ ነው፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ዘፋኙን ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ሦስተኛው ከመጽሐፍ የማይበልጥ ተራ ነገር ሆኖ፣ ዝቅ ብሎ እየዘፈነ መሰርሰሪያውን ዋጥ አደረገው። ዋጋውም የመጀመሪያው ግማሽ ነው። እስኪታሸግልኝ ድረስ የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ የመጣ ሰውዬን ስለ መንጋጋ ጥርስ አነቃቀል ትንሽ አጫወትኩት። ምን እንደነካው እንጃ፣ ጉንጩን ይዞ ሳይገዛ ወጣ።

አምፕሊፋየሩ ከተገጠመ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰው አልሄደብንም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስለ ምርጫዬ ለመጣው ሁሉ ላወራ እሞክራለሁ፤ ሙዚቃው አፌ ሥር እየተንቆረቆረ ማን ይስማኝ? ፈገግ ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሙዚቃውም ጸጥ፣ መሰርሰሪያውም ጸጥ። ያ የባንክ ሠራተኛ ተመልሶ መጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ ዝም ልበል?

"ሰማህ፣ በቀደም ድዷ የተቀደደባት ሴትዮ..." ስል ብድግ አለ። ሁለት ሴቶችም ተከተሉት።

"ኧረ መሰርሰሪያው እኮ ቆሟል!" ብዬ ጮህኩ።

"መሰርሰሪያውንማ እንችለዋለን" አለ ሰውዬው ከበሩ ላይ።

ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ። እፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ። ዶክተሩ ጩኸቴን ሰምቶ ወጣ።

"በእኔ ወሬ እንደሚሸሹ ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አላሰናበትከኝም?"

"ከስንብት ክፍያሽ አምፕሊፋየር ይረክሳል ብዬ ነዋ" አለና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያለ አንቺ እዚህ ቤት መሥራት አልችልበትም" አለኝ።

አልቅሼ የማላውቀው ሴትዮ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። መብራቱ ወዲያው ሲመለስ ሙዚቃውን ራሴ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ። ሦስቱ ገና መንገዱን ሊሻገሩ ነበር፤ ፊታቸው ቆሜ፣ አፌን ግጥም አድርጌ፣ በእጄ ብቻ "ኑ" አልኳቸው።