ባለቤት አለ ወይ?

ዳቱክ ባንዳሮ ግጥማቸውን ሲጨርሱ ዴስሪና አጨበጨበች።

ከእሷ በኋላ ከከተማ የመጡት ወጣት ገጣሚዎች ተከተሉ። ጓደኛዋ ፋዝሪ በድምፅ ማጉያው አጠገብ እንደቆመ ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። ጭብጨባው በረጅሙ የእንጨት ቤት ውስጥ ተንከባሎ በሩ ዘንድ ሲደርስ ሞተ። የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ የጎሳው አለቃ ዳቱክ ባንዳሮ፣ አሁንም ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው በደረጃው ላይ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጥቁር ቆባቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። አንዳቸውም አላጨበጨቡም። አንዳቸውም ወደ ውስጥ አልገቡም።

«ይግቡ እንጂ ዳቱክ» አለች ዴስሪና። «ቦታ ይዘንልዎታል።»

ዳቱክ አልተንቀሳቀሱም። አልተቆጡምም። ለሰላምታ እጁን ዘርግቶ የሚጨብጠው ያጣ ሰው ይመስሉ ነበር። ያኔ በግጥማቸው ያሉት ሁሉ ወደ ጆሮዋ ተመልሶ መጣ። ሰምታው ነበር፤ የሰማችው ግን ውበቱን ብቻ ነበር።

«ሩዙ ሳይታጨድ ወፍ መጣ ማለዳ፣
ከቀርከሃው ጫካ ክንፎቹን አራግፎ፤
ባለቤት አለ ወይ? መጥተናል እንግዳ፤
ወይስ ቤቱ ቀረ ሰዎቹን አሳልፎ?»

ጠይቀዋት ነበር። እሷ ለጥያቄ አጨበጨበች።

ሙቀቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ጆሮዋን አቃጠለው። በዚህ አገር እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ በግጥም ይጠይቃል፣ የቤቱ ባለቤት በግጥም ይመልሳል፤ መልስ ሳያገኝ የሚገባ የለም። ይህን ታውቃለች። ሆላንድ ሳለች የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በዚሁ ላይ ነበር። የፊተኞቹ ሁለት ስንኞች ሜዳና ወንዙን ሥለው የኋለኞቹ ሁለት ቁም ነገሩን እንዴት እንደሚያወጡት፣ ቤት እንዴት እንደሚመታ፣ ሁሉንም ተንትናለች። ፈታኞቿም አጨብጭበውላታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድ ሰው እንኳ ፊቷ ቆሞ ጠይቋት አያውቅም።

ፋዝሪ ዴስሪናን አየት አድርጎ ድምፅ ማጉያውን አነሣ።

«ዳቱክ፣ ድንቅ ነው። አንድ ጊዜ ቢደግሙልን? ቪዲዮው መሀል ላይ ቆሞብን ነበር።»

ከደረጃው ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሳቅ ነበር።

«ድገሙልን ይላል እንዴ? መጀመሪያ የጠየቅነው መቼ ተመለሰና ነው?»

«ተዋቸው» አለ ከታች ሌላ ድምፅ፤ «ዛሬ ቤቱ ሲኒማ ሆኗል። ትኬት ሳንቆርጥ መጥተን ነው።»

ሳቁ ከደረጃ ወደ ደረጃ ወረደ። ዴስሪና ደረቷ ላይ ያቀፈቻቸውን አዳዲስ መጽሔቶች ጠበቅ አደረገች። «ፓማታንግ» ብላ ነበር የሰየመችው፤ በሁለት የሩዝ እርሻዎች መካከል ሰው የሚሄድበት የአፈር ድንበር ነው። የከተማ ገጣሚዎቹን አዲስ ግጥምና የእነዚህን ሽማግሌዎች ቃል ጎን ለጎን የሚያስኬድ መጽሔት። ምረቃውን ፓያኩምቡህ ከተማ ባለው አዳራሽ አድርጊው ቢሏት እምቢ ብላ እዚህ፣ በእናቷ ቤት፣ ያለችው ሽማግሌዎቹ እንዲያነቡበት ነበር። አሁን ካልገቡ የከተማ ልጆች በባዶ ቤት ተሰብስበው ለራሳቸው ያነባሉ።

የባሰው ደግሞ ጥያቄው ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቤቱ ከእናት ለሴት ልጅ የሚያልፍ ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ወራሿ እሷ ናት። መንደሩ ግን «ባሕር ማዶ የከረመች ልጅ ደግሞ ቤት ትይዛለች?» እያለ ሲያማ ከርሟል። ዳቱክ ሐሜቱን ወደ ደጃፍ አውጥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ራሷ እንድትመልሰው ዕድል ሰጥተዋት ነበር።

ከማድ ቤት አክስቷ ኑራሚ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ ክንዷን ይዛ ወደ ምሰሶው ጎተተቻት።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አለች በሹክሹክታ። «ሰውዬው ባለቤት አለ ወይ አሉ። አንቺ አጨበጨብሽ። ፈተና እያረምሽላቸው ነው?»

«ረሳሁት፣ አክስቴ።»

«ይሄ ይረሳል? እናትሽ ኮኮናት እየፈቀፈቀች ትመልስ አልነበር? ቀና እንኳን ሳትል።»

አልረሳችውም። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ እናቷ ነጭ ፍቅፋቂ የተለጠፈበት እጇን እያወዛወዘች «ግቡ፣ ግቡ» ስትል፣ ሁሉም ፊቷ ድቅን ይላል። ግጥሞቹ ናቸው የሌሉት።

«እኔ ልመልስላቸው?» አለች ኑራሚ። በድምፅዋ ክፋት አልነበረም። «አፍ መዋስ ነውር አይደለም። ግን እወቂው። እኔ ከመለስኩ ቤቱ ባለቤት አለው ማለት ነው። አንቺ ግን አይደለሽም።»

ዴስሪና ወደ በሩ አየች። የሥጋ ወጡ ሬንዳንግ እየቀዘቀዘ ነው፤ በቀርከሃ ውስጥ የበሰለው ሩዝ ቀርከሃው ሳይሰነጠቅ ተደርድሯል። አንዲት የከተማ ገጣሚ መጽሔቱን ገልጣ የራሷን ግጥም በልቧ ትለማመዳለች። ዴስሪና እቅፏ ውስጥ ያለውን መጽሔት አሰበች፤ ከዳር እስከ ዳር ግጥም ነው፤ ሁሉም ለብቻው የሚናገር፣ ከማንም መልስ የማይጠብቅ፣ ለማንም የማይመልስ። እሷም እንደዚያ መጻፍ ነው የምትችለው። «እሺ፣ መልሺላቸው» ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

መጽሔቶቹን ለአክስቷ አስታቀፈቻት። ፋዝሪ ድምፅ ማጉያውን ሲያቀብላት በእጇ መለሰችው። ምንጣፉን አቋርጣ ከዳቱክ ፊት ቆመች።

«የሩቅ አገር ውሃ ጠጥታ የኛ ዶሮ፣»

«ዶሮ?» አለ ከደረጃው አንዱ። «ዶሮ ነው ያለችው?»

«ዝም በል፣ ልስማበት» አሉ ቀጭኑ ሽማግሌ።

ዴስሪና ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ የስልክ ካሜራዎች ወደ እሷ መዞራቸው ታወቃት። እነዚያ ፈታኞቿ ይህን ስንኝ ቢያዩት ፈገግ ይሉ እንደነበር አሰበች።

«የቆጧ መሰላል ጠፋት ስትመለስ፤»

ከዚያ ወዲያ ባዶ ሆነ። ቁም ነገሩ የሚወጣባቸው ሁለቱ ስንኞች አልመጡም። ቤት የሚመቱ ቃላት አንድ በአንድ መጡ፤ አንዱ ይዋሻል፣ ሌላው ይለምናል፣ ሌላው የእናቷ እንጂ የእሷ አይደለም። ፋዝሪ ሊያጨበጭብ እጆቹን ሲያነሣ ኑራሚ በክርኗ ጎሸመችው።

የእንጨቱ ወለል ሲጢጥ አለ። ዴስሪና ዓይኗን ገለጠች። ዳቱክ ባንዳሮ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀኝ እግራቸውን ከደጃፉ ወዲህ አሳርፈዋል። ግራው ከነጫማው ውጭ ነው። በሩን በአንድ እጃቸው ደገፍ ብለው ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ስትመለስስ?»