ጉልላት ያቆመበት ገጽ

የ1980 ክረምት ለሰብሌ ክረምት አልነበረም፤ መከራ ነበር። ቲቸር ቀጄላ ወደ አሥራ ሁለተኛ ለሚያልፉት ልዩ የእንግሊዝኛ ክፍል ሊከፍቱ አስበው፣ በሰኔ ከሳጥናቸው የተለያዩ ልብወለዶች አውጥተው አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ተማሪ አደሉ። ክረምቱን አንብባችሁ ጳጉሜን ሁለት ትፈተናላችሁ፣ የወደቀ አይገባም አሉ። የሰብሌ አባት ደግሞ ቁርጡን ነገሯት፤ ያን ክፍል ካላገኘሽ ማትሪክ ማለፍ ዘበት ነው፣ ትምህርቱን ትተሽ አየር ጤና ሱቅ ትቆሚያለሽ።

መጽሐፉ የደረሳት ከጎረቤቷ ልጅ ከጉልላት ጋር ነው። አንድ መጽሐፍ ለሁለት እንዴት ይነበባል? ስፌቱን ፈትተው ሦስት ቦታ ከፈሉት። ቀድሞ የማንበቡ ዕጣ ለሱ ወጣ፤ አንዱን ክፍል ሲጨርስ ለሷ ያቀብላል። የመጀመሪያውን አቀበላት፣ ሁለተኛውንም አቀበላት። ሰብሌ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች፣ ሁለቱን ተወጣቻቸው።

ነሐሴ ላይ ጉልላት ላምባ ሊገዛ ወጥቶ ከፌርማታው ታፈሰ። ተማሪ ነኝ ቢል ማን ሊሰማው! መኪና ላይ ጫኑት፣ ወደ ጦር ሠፈር ወሰዱት፣ አለቀ። ሦስተኛው ክፍል ትራሱ ሥር ቀረ።

ሰብሌ አፍራ ሰነበተች። ልጇን የተቀማችን እናት ወረቀት ስጪኝ እንዴት ይባላል? ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ግን ጭንቀቷ ኀፍረቷን አሸነፈውና እናቱን እትዬ ብርቅዬን ሄዳ ለመነች። እሳቸውም ትራሱን ገልጠው አሳዩዋት፤ ጉልላት ያቆመበትን ገጽ ጫፉን አጥፎታል።

«እሱ እዚህ ደርሷል» አሏት። «የቀረውን ሲመጣ ይጨርሰዋል። ከሱ ቀድሞ ማንም አያልፍም።»

እግራቸው ላይ ወደቀች። የአባቷን ቃል ነገረቻቸው፤ እዚሁ ቁጭ ብላ አንብባ ልትሄድ ማለች። ወይ ፍንክች። ቲቸር ቀጄላ ዘንድ ብትሮጥ ሌላ ቅጂ የለኝም አሏት፤ ከየት ያምጡ!

በፈተናው ዋዜማ ጠዋት እትዬ ብርቅዬ ስንቅ ቋጥረው፣ ልጄን የት እንዳደረሳችሁት ንገሩኝ ሊሉ ቀበሌ ወጡ። ሰብሌ በጓሮ በር ገባች። ሌባ ሆነች፤ ሌላ ስም የለውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነበበች። የታጠፈው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ያም ሆኖ ገለጠችው። ከዚያ በኋላ ጆሮዋ ምንም አልሰማም። የመጨረሻውን ገጽ ጨርሳ ቀና ስትል እትዬ ብርቅዬ ስንቁን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። ሊቀመንበሩ የሉም ተብለው ተመልሰዋል።

ቢመቷት በወደደች። ሴትዮዋ ግን ስንቁን መሬት አስቀምጠው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉ፤ ማንበብ አይችሉምና ከታጠፈው ወዲያ ያለውን በጣታቸው ውፍረቱን ለኩ።

«ይሄን ሁሉ?» አሏት ቀስ ብለው። «እኔማ ሁሉም ትቶት ሲሄድ አንቺ ትጠብቂዋለሽ ብዬ ነበር።»

ሰብሌ በገባችበት በጓሮ በር ወጣች።

በማግሥቱ ተፈተነች፣ አንደኛም ወጣች። አባቷ ሱቁ ቀረልሽ ብለው ግንባሯን ሳሙ። ቲቸር ቀጄላ መጽሐፎቹን ሲሰበስቡ፣ ሦስተኛው ክፍል የታለ አሏት። ጉልላት አልጨረሰውም አለቻቸው።