ቀድሞ የሞላው ወረቀት

ነርሷ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የአባቷን የመድኃኒት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና ክኒኖቹን በጣቷ እየገፋች ቆጠረች። ሃያ ስምንት። ስታመጣቸው ሠላሳ ነበሩ። ቆሽቷ አረረ።

ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ግን ሌላ ነው የሚለው። ለየቀኑ ክኒን አንድ ሳጥን፦ ሠላሳ ሳጥን፣ ሠላሳ ምልክት። አባቷ ዓይኑ ደክሞ መቀሱን የሰቀለ ልብስ ሰፊ ነውና ምልክቶቹ እንኳ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ወሩ ሊያልቅ ገና አራት ቀን ይቀረዋል፤ እሱ ግን የአራቱንም ቀን ጨርሶላታል!

ዘዴው የራሷ ነበር። በጤና ጣቢያው፣ "ሰው የሞላ ሳጥን ማየት ደስ ይለዋል፤ ምልክቱ እንዳይጎድልበት ሲል መድኃኒቱን ይለምዳል" እያለች ታስተምራለች። ስለ አባቷም ለአለቃዋ በኩራት አውርታለች። ዛሬ ከሰዓት በስብሰባው ላይ በምሳሌነት የምትጠቅሰው እሱኑ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምልክት" አለ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል።

"የነገው ሳይቀር?"

"እኔ ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ አልነሳም።"

"ቀልዱን ተወው! የደም ግፊትህን አሁን ለካሁት እኮ፤ መቶ ሰባ ገብቷል። አንድ ቀን ወድቀህ ባገኝህስ? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ልተውህ?"

አባቷ ዞረ። "አንቺ ገና ከበር ስትገቢ የምታዪው ወረቀቱን ነው። ሳጥን ከጎደለ ፊትሽ ይጠቁራል። ከሞላ 'ጎሽ አባዬ' ትይኝና ወደ ሥራሽ ትሮጫለሽ። እኔም ጎሹን ወደድኩት።"

"መድኃኒቱስ?"

"ቁርስ ላይ መዳፌ ላይ የምታኖርልኝ እናትሽ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ቁርስ አይወርድልኝም። በባዶ ሆዴ ደግሞ ያቅለሸልሸኛል።"

ነርሷ ያን ሁሉ ሥልጠና ስትወስድ ከርማ፣ አንድ ቀን እንኳ "ቁርስ በልተሃል ወይ?" ብላ አልጠየቀችውም። በአባቷ ላይ የነበራት ንዴት ዞሮ በራሷ ላይ መጣ።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ መልእክት ልካለች፦ "የአባትሽን ወረቀት ፎቶ ላኪልኝ፤ ለሁሉም እናሳየዋለን።"

ክኒኖቹን ወደ ብልቃጡ መልሳ፣ አንዷን ብቻ አስቀረች። ብልቃጡን ከሞላው ወረቀት ሥር ይዛ ሁለቱን አንድ ላይ ፎቶ አነሳችና ላከችው። ከሥሩም "አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ ከሰዓት እነግራችኋለሁ" ብላ ጻፈች።

"ልታዋርጂኝ ነው?" አለ አባቷ።

"አንተን አይደለም፣ ራሴን ነው።"

ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገንጥላ አወረደችው። ሰዓቷን አየች፤ ረፍዶባታል። ቢሆንም ኮቷን አወለቀችና ወንበሩ ላይ ሰቀለችው።

"ነገም በዚህ ሰዓት እመጣለሁ" አለች፣ ክኒኗን በመዳፏ እንደያዘች። "ዳቦው የት ነው?"