ፍተሻውን ያጠፋችው መስመር

በያጁ ብረቱን ሲያነሳ ፕሮግራመሯ ፊቷን በክንዷ ከመጋረድ በቀር ጊዜ አላገኘችም። ብረቱ እሷን ስቶ የኮምፒውተሯን ስክሪን አደቀቀው፤ ስብርባሪው ፀጉሯ ውስጥ ገባ።

"አራት ጣቱን!" ብሎ ጮኸ። "ያ መጭመቂያ የወንድሜን አራት ጣት ነው የቆረጠው! ሥራ አስኪያጁ ደግሞ 'ራሱ እጁን ከቶ ነው' ይለኛል። የማሽኑን ፕሮግራም የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ። ንገሪኝ፣ ራሱ ነው?"

ሸሚዙ እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኗል። ጠዋት ወንድሙን ከመጭመቂያው ሥር ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው።

"ተረጋጋ፣ ወንድሜ…"

"ወንድምሽ አይደለሁም!" አንገቷን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጫት። ዓይኗ ላይ ጨለማ መጣባት።

"ልቀቀኝ… ላሳይህ" አለች በታነቀ ድምፅ። "ሌላ ስክሪን አለ።"

ለቀቃት። እያሳላት ፋይሉን ከፈተች።

ይህች ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ ሰነፍ ብትሆን ይሻል ነበር። ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ "ማሽኑ እየተጎተተ ነው፣ አፍጥኚልኝ" ሲላት ፕሮግራሙን ሰው ከሚጽፈው ሶርስ ኮድ እንደ አዲስ ገነባችው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ፍላግ የሚባሉ አጫጭር ትእዛዞች ይቀበላል። አንዱ "አፍጥን" ይላል፣ ሌላው "ለሙከራ የተጻፉ ፍተሻዎችን ዝለል" ይላል። እሷ ሁለቱንም አብራ መጻፍ ለምዳለች። ቁርጥራጮቹን ለሚያያይዘው ሊንከርም "ትርፍ መረጃውን ሁሉ አራግፍ" የሚል ፍላግ ጨመረችለት። ፕሮግራሙ ፈጠነ፣ ሥራ አስኪያጁም "ጎበዝ!" አላት።

አሁን የተዘለሉትን ፍተሻዎች አንድ በአንድ አየች። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ የማሽኑ መከለያ በር ካልተዘጋ መጭመቂያው አይውረድ።

"ወይኔ ጉዴ!"

"ምንድን ነው?"

"በሩ ክፍት ሲሆን ማሽኑን የሚያቆመውን ፍተሻ አጥፍቼዋለሁ። ወንድምህ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ።"

ብረቱ እንደገና ተነሳ። ዓይኗን ጨፈነች።

"ምን አባክ ታደርጋለህ!" ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በሩን በርግዶ ገባ። ስክሪኑን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ወደ እሷ ዞረ። "ስሚ፣ ያንን ፍላግ አውጪና እንደገና ገንቢው። በአሮጌው ላይ ጻፊበት። ከሰዓት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ፍተሻው ቦታው ላይ ይገኛል፣ አለቀ።"

"እንደዚያ ካደረግኩ የፊተኛው ትእዛዝ ይጠፋል። የቀረውን መረጃ አራግፌዋለሁ፣ ከሱ ሌላ ማስረጃ የለም፣ ጌታዬ። ጥፋተኛው የተጎዳው ልጅ ሆኖ ይቀራል።"

"ይቅራ! ወህኒ መውረድ አምሮሻል?"

በያጁ ዞሮ ብረቱን ሥራ አስኪያጁ ክንድ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ሦስቱም ሰሙት። ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ በጉልበቱ ወደቀ፤ ብረቱ አሁን ከአናቱ በላይ ተነሳ።

"ተው!" ፕሮግራመሯ በበያጁ ክንድ ላይ ተጠመጠመች። "ገድለኸው ብትታሰር ወንድምህን ማን ያስታምመዋል?"

"ጣቶቹን በፌስታል ይዤ እኮ ነው ሐኪም ቤት የሮጥኩት!" አለ፤ ብረቱ ከእጁ ወደቀ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷም አለቀሰች፤ የሱን ያህል ለማልቀስ ግን መብት እንደሌላት ተሰማት።

ከታች ሌሎቹ መጭመቂያዎች በዚያው ፕሮግራም ድም፣ ድም ይላሉ። ስልኩን አነሳች። "ሁሉንም መጭመቂያ አጥፉ። አሁኑኑ! በሩ አይጠብቃችሁም። አዎ፣ ያልኩት እኔ ነኝ።" ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሕንፃው ዝም አለ።

"አብደሻል!" አለ ሥራ አስኪያጁ ከወለሉ፣ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ። "ገንቢው ብዬሻለሁ!"

አልገነባችውም። ፍላጎቹን የጻፈችባትን ያቺን የትእዛዝ መስመር ከነቀኗና ከነሰዓቷ አተመች። ከሥሯ በእጇ "ፍተሻውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብላ ጽፋ ፈረመች። ትንሽ አሰበችና ሁለተኛ ቅጂ አተመች፤ እሱንም ፈረመች።

"አንዱን ለተቆጣጣሪው ስጥልኝ" አለችው በያጁን። "ሌላውን ከወንድምህ ትራስ ሥር አድርገው። እኔ ነገ ሐሳቤን ብለውጥ እንኳ መልሰህ እንዳትሰጠኝ።"