የእጀታው ቡሎን

ገዢው የሞተሯን የነዳጅ መስጫ እጀታ እስከሚሄድለት ድረስ ጠመዘዘው። ሞተሯ አጉረመረመች እንጂ አልጮኸችም።

"ይኸው ነው?" አለ። ዓለምሰገድ ይባላል፤ ማስታወቂያውን አይቶ ከሃያ ሁለት ቦሌ አራብሳ ድረስ መጥቷል። "እቺማ ታማለች።"

"አልደበቅኩህም፤ በስልክ ነግሬሃለሁ" አለች ዳናይት። ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልላ በእጇ ይዛለች።

አያቷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ የብሎኩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ምስሩ ተለቅሞ ካለቀ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን አላረፈም። የልጅ ልጃቸው በዚህች ሞተር የሰው ምሳ እያደረሰች መዋል ከጀመረች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ልባቸው ረግቶ አያውቅም። አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር ይደውላሉ። "አለሁ እቴቴ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ስትላቸው ደግሞ እየነዳች ስልክ ማንሳቷ ያስጨንቃቸዋል። ዛሬ ሞተሯ ልትሸጥላቸው ነው። ስለታቸው ሊደርስ ነው። ታዲያ ደስታው የት ሄደ?

የት እንደሄደ ያውቃሉ። ከሁለት ወር በፊት ሞተሯ ለጥገና ከብሎኩ ሥር ባለው በመካኒኩ በኑሪ ቤት ስታድር፣ ሹልክ ብለው ሄደው "በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትሮጥ አድርግልኝ" ብለው ለመኑት። ኑሪ እምቢ አለ። በማግስቱም ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ከእጀታው ሽፋን ውስጥ አንዲት ቡሎን አስገባላቸው፤ እጀታው ግማሽ ዞሮ ይቆማል።

ከዚያ ወዲህ ዳናይት ካንዴላ ቀየረች። ካርቡራተር አሳጠበች። ነዳጁ ውሃ ይኖርበት ይሆናል ሲሏት ሌላ ማደያ መሰለፍ ጀመረች። ድሮም ቀስ ብላ ስለምትነዳ ባለሞተሮቹ "ዔሊዬ" ይሏት ነበር፤ አሁን ግን ቀልዱ ቀርቶ ትእዛዙን ይነጥቋት ጀመር።

"ምን ምን አስደረግሽላት?" አለ ዓለምሰገድ ጎንበስ ብሎ እያየ።

"ያልተደረገላት የለም። አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ያስራል። ሞተር ላንቺ አይሆንም ሲሉኝ ሳልሰማ ቀረሁ እንጂ።" ዳናይት ሊብሬውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። "አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ኋላ በኔ እንዳታሳብብ። ትናንት ጎሮ ጋ ሲኖትራክ ልቀድም ወጣሁ። መሃል ላይ ጉልበት አጣች። ከሲኖትራኩ የኋላ ጎማ አጠገብ፣ ይህችን ታህል ቀርታኝ" ክንዷን ዘረጋች፣ "ከፊት ሚኒባስ ይመጣል። ሹፌሩ አይቶኝ ፍሬን ባይዝ አልቆልኝ ነበር።"

ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ።

"እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ።

"ምኑ እቴቴ?"

"ሞተሯ ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ ያሳሰርኳት። ኑሪን ጥሪው።"

ኑሪ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ፊታቸውን እንዳየ ገባው። "ማዘር፣ ተናገሩ እንዴ?"

"ተናገርኩ። አውጣው።"

ዳናይት አንዴ እሱን፣ አንዴ አያቷን አየች። "ካንዴላውን ታዲያ ለምን ሸጥክልኝ?"

"እሱማ አርጅቶ ነበር። ወላሂ!"

ዓለምሰገድ ሳቁ አመለጠው። ዳናይት ግን አልሳቀችም። "እቴቴ፣ እኔ ሮጬ አውቃለሁ? ዔሊ እየተባልኩ ጥግ ጥጉን የምሄድ ሰው ነኝ። የምቀድመው ሲጨንቀኝ ነው። ማምለጫዬን እኮ ነው የወሰድሽብኝ!"

"አሁን ገባኝ። አንቺን ላተርፍ ብዬ በገዛ እጄ..." አልጨረሱትም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። "ብትሸጫትም የራስሽ ፈንታ ነው። ግን አልችልበትም ብለሽ አትሽጫት። ትችይበታለሽ።"

ኑሪ ቡሎኗን ፈትቶ አወጣ። ዓለምሰገድ እንደገና እጀታውን ሲጠመዝዝ የግቢው መስኮት ሁሉ ጮኸ።

"እንዲህ ከሆነችማ እጨምራለሁ። እዚሁ እንጨርስ።"

ዳናይት ሊብሬውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "አልሸጥም ወንድሜ። ከሩቅ አልፍቼሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።"

ገዢው አጉተምትሞ ሳይርቅ ስልኳ ጮኸ። ትእዛዝ የምታከፋፍለው ፊዮሪ ናት፤ ድምፅዋ ለሁሉም ይሰማል። "ከሰሚት ለሃያ ሁለት ምሳ አለ። ልጆቹ በሃያ ደቂቃ ከች እናደርጋለን እያሉኝ ነው። አንቺስ?"

ከዚህ በፊት ቢሆን "እሞክራለሁ" ትል ነበር።

"በአርባ" አለች ዳናይት። "የሚጠብቁ ከሆነ ስጪኝ። ካልሆነ ለነሱ ስጪያቸው፣ አልቀየምም።"

ፊዮሪ ተነፈሰች። "ሾርባ አለበት። ባለፈው ግማሹ ፈስሶ ነው የደረሰው። በቃ፣ አርባ ይሁን።"

ዳናይት ሄልሜቷን አጠለቀች። አያቷን አልተሰናበተቻቸውም፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። የግቢው ጥበቃ በሩን ሊከፍት ሲነሳ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቀደሙት።

"ተው፣ እኔ ልክፈተው።"

አንደኛውን መዝጊያ ብቻ ከፈቱ። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሞተር ይበቃል። ዳናይት ሞተሯን አስነስታ፣ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና ሁለተኛውንም መዝጊያ እስከ ግንቡ ድረስ ገፉት።