ሳያልቅ መስታወት አይታይም

አክስቴ ክፍሉን ያበላሸችብኝ ወዳኝ ነው ወይስ ንቃኝ? እስካሁን አልገባኝም።

ክፍሉ መንገድ ዳር ያለው የድሮ ፀጉር ቤቷ ነው። ለትምህርት ውጭ አገር ስሄድ ሴቶች ወረፋ የሚይዙበት ነበር፤ ስመለስ ሸረሪት አድርቶበት አገኘሁት። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሸ። እሷም በሩን ዘግታ ቁልፉን መሀረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። የግድግዳው ሮዝ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳስቷል። መስታወቶቹ ከጀርባቸው ተበልተው የሰውን ፊት ከፍለው ነው የሚመልሱት። የፀጉር ማድረቂያዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። በዚህ ሁሉ ላይ በአቧራማው መስኮት ለስላሳ ብርሃን ይገባል። ልቤ ተሰረቀ።

አንድ ፎቶ አንስቼ በተማርኩበት ከተማ ላለች የኤግዚቢሽን አዘጋጅ ላክሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ለሥራ ደጅ ስጠና የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ብዙም አልጠበቅሁም ነበር። እሷ ግን ወዲያው መለሰች። አንድ ግድግዳ ሙሉ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ከዚያው ክፍል ሌሎች ፎቶዎች ልላክ፤ አደራ፣ ምንም ነገር እንዳልነካ።

ለአክስቴ ስነግራት ማን እንደሚያየው ጠየቀችኝ። የድሮ ደንበኞቿ ብዙዎቹ እዚያው አገር ናቸውና እነሱም ሊያዩት ይችላሉ አልኳት። መሀረቧ ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ ዳበሰች። ከዚያ እስቲ ጥቂት ቀን ታገሺኝ አለች። እኔም ካሜራ የሚቆምበት እግር ልዋስ ሌላ ከተማ ያለች ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ ሰነበትኩ።

አክስቴ በሥራ ዘመኗ አንድ ደንብ ነበራት። ደንበኛዋን ከመስታወቱ አዙራ ነው የምትሠራት፤ ሳያልቅ ራሷን ያየች ሴት የለችም። «በግማሽ የተሠራ ራስ የእብድ ነው» ትል ነበር። ይህን ማስታወስ ነበረብኝ።

ስመለስ ፀጉሯን ተሠርታ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቴን ወደ ውጭ አዙራ፣ ትከሻዬን ይዛ የኋሊት አስገባችኝና ወደ ክፍሉ መለሰችኝ። ግድግዳው ወተት መስሏል። መስታወቶቹ አዲስ ናቸው። ወንበሮቹ ላይ ፕላስቲክ ተወጥሯል።

«እንዴት ነው፣ ምሁሯ?»

 ወደ ግድግዳው ሄጄ በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ነጩ ገና እርጥብ ነው፤ ጥፍሬ ሥር ገባ። ሮዙ የለም። ጎረቤቷን ቀለም ቀቢ መጀመሪያ አስፍቃው ነው ያስቀባችው።

«ልጣጩን ነው የፈለግሽው?» አለችኝ።

እሱ ነበር የሚያምረው አልኳት። የጊዜ አሻራ፣ የዝምታ ውበት እያልኩ ቀጠልኩ። በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሳስበው የከበረ የሚመስለኝ ነገር በቤታችን ቋንቋ ሲነገር ስድብ ሆኖ ወጣ። ወንበሩን ተደግፋ አስጨረሰችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቤት ቆሞ ሲሠራ ዞር ብለሽ አላየሽውም። ሲወድቅ አማረሽ። በደህና ቀን የሠራኋቸው ሴቶች እዚያ ተሰብስበው ‹እንዲህ ሆና ቀረች› ይበሉኝ? ስሞት እንደፈለግሽ አንሺኝ። እስከዚያ ቤቴን ሰው አስመስዬ ነው የማሳየው።»

 ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ከግድግዳው ጋር የፋቀችው የእኔንም ዕድል ነበር። እሷ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ ተዘጋጅታለች። እጆቿን እንዳይንቀጠቀጡ መደገፊያው ላይ አጥብቃ ጭናቸዋለች። አነሳኋት። ብርሃኑ ደረቅ፣ ክፍሉ ባዳ፣ ፊቷ ኩሩ ሆኖ ወጣ።

ፎቶውን ወደ አዘጋጇ ስልክ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ላክሁት፦ «ክፍሉ ታድሷል። የቆመችው ባለቤቷ ናት። ያለኝ ይኸው ነው።»

አክስቴ በየማለዳው ፀጉሯን አበጥራ ትመጣና ምን እንዳሉ ትጠይቀኛለች። እያዩት ነው እላታለሁ። ማየቱንስ አይተውታል፤ መልእክቱ መነበቡን ስልኩ ያሳያል። ትናንት ደግሜ «ደርሷችኋል?» ብዬ ጻፍሁ። እሱም ተነቧል።