ማግ የሌለው ወንበር

«አትሳቂ! ሳህኑን ተቀበይኝ!» አለች ወንበር ሠሪዋ። መቀመጫዋ ወንበሩ ላይ ከተወጠሩት ቀበቶዎች በሁለቱ መካከል ሾልኮ ወርዷል፤ ጉልበቷ ከአገጯ ጋር ተገናኝቷል። በአንድ እጇ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ በሌላው የምሳ ሳህኗን ወደ ላይ አንስታለች።

የእህቷ ልጅ ሳህኑን ተቀብላ ጎተተቻት። አልሆነም። ወንበሩን ሊጭን በር ላይ የቆመው ሾፌር ተጠርቶ መጣና በብብቷ ይዞ አወጣት።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ። ወንበሩ ነው የታመመው።»

ልጅቷ የወንበር ንድፍ ተምራለች። ለዚህም ትምህርት ቤት እንዳለ አክስትየው የሰማችው ከእሷ ነው። ከወዳደቁ መኪናዎች የተፈቱ የደህንነት ቀበቶዎችን በጆንያ ይዛ መጣች። የወንበሩ አጽም የውሃ ቧንቧ ነው። አክስትየው የግራሶው ሽታ እስኪለቅ ሦስቴ አጠበቻቸውና የልጅቷ ሥዕል እንዳዘዘው ከፊት ወደ ኋላ ወጠረቻቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንድም የሚያቋርጥ የለም። «ይህ ነገር ድር ብቻ ነው፣ ማግ የለውም» ብላ ነበር። ማን ይስማት!

በዚህ ሥራ ሃያ ሦስት ዓመት ስትኖር አንድ ሕግ አላት፦ ተቀምጣ ምሳዋን ያልበላችበት ወንበር ከበሯ አይወጣም። ሰው ሲበላ ራሱን ይረሳል፣ ሲረሳ ክብደቱን ሁሉ ይለቃል። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ እስካሁን አንድ ወንበር ተመልሶባት አያውቅም። የራሷ በርጩማ ግን አንድ እግሩ አጥሮ ሲያነክስ ዓመታት አልፈውታል።

«አክስቴ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ኤግዚቢሽኑ ዘጠኝ ላይ ይከፈታል።»

«ይከፈት።»

«ዛሬ ካላስገባሁ የሚቀጥለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው!»

«እና ሰው ወገቡን ይሰበር?»

«ኧረ ማንም አይቀመጥበትም!» ልጅቷ ቦርሳዋን በርብራ አንድ ወረቀት አወጣች። በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። አክስትየው ንባብ ላይ ፈጣን አይደለችም፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። መቀመጥ ክልክል ነው። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ወንበር ላይ?»

«እንዲታይ ነው እንጂ!»

«ለመታየትማ ሥዕልሽ አይበቃም ነበር? ግድግዳ ላይ ሰቅለሽው እኔን ከአጠባው በገላገልሽኝ።»

«ውበቱ እኮ ብርሃን በመካከሉ ሲያልፍ ነው። ደግሞ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ያስር ነው የተባለው። ያስቀምጥ አልተባለም።»

ሾፌሩ ሳቀ። ልጅቷ ገላመጠችው።

የወንበሩ እግር ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ተለጥፏል፤ የሁለቱም ስም አለበት። አክስትየው በጣቷ ነካችው። «የእኔን ፋቂልኝ።»

«አክስቴ!»

«ፋቂልኝ አልኩ። ቂጥ የሚጥል ወንበር ላይ ስሜ አይለጠፍም።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሃያ ሦስት ዓመት ስትሠሪ ስምሽ አንድ ቦታ ተጽፎ ያውቃል? ለዚህ ብዬ እኮ ነው።»

አክስትየው ወንበሩን በአገጯ ጠቆመች። «እስቲ ቁጭ በይበት» አለች።

ልጅቷ ተቀምጣበት እንደማታውቅ ያኔ ትዝ አላት። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቀበቶዎቹ እንደ መጋረጃ ተከፈቱና ወደ ታች ዋጧት።

«አክስቴ።»

«ወይ።»

«ስንት ይበቃዋል?»

«ሰባት ማግ።»

«ሰባት ብርሃኑን ይዘጋዋል።»

ጉድጓድ ውስጥ ሆናም ትከራከራለች! የእኔው ደም ናት፣ አለች አክስትየው በሆዷ። ልትጎትታት ጎንበስ ስትል ከመስኮቱ የገባው ብርሃን በቀበቶዎቹ መካከል አልፎ በልጅቷ ፊት ላይ መስመር መስመር ሠርቷል። አየችው። አየሁ ግን አላለችም።

«ሦስት» አለች። «ከሥር በኩል፣ ጥቁሩን። አይታይም።»

ልጅቷን ስባ አወጣቻት። ሾፌሩን ጠብቅ አለችውና ከተረፉት ቀበቶዎች ሦስቱን ከሥር አቋርጣ ከእያንዳንዱ ድር ጋር ሰፋቻቸው። ከዚያ ሳህኗን አንስታ ተቀመጠች። አክስትየው የቀዘቀዘ ምሳዋን ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው በላች። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ውሰደው» አለችው ሾፌሩን።

ልጅቷ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ በመስኮት ጮኸች። «አክስቴ፣ ወረቀቱን ረስቼዋለሁ! አቀብዪኝ!»

ወንበር ሠሪዋ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ከሚያነክሰው በርጩማዋ እግር ሥር ሸጎጠችው። ተቀመጠችበት። ቀጥ ብሎ ቆመላት።

«የቱን ወረቀት?» አለች።